ድንኳን ያለበት አርማ
የካውቶኬይኖ ወረዳ መልክዓ ምድር፣ ታሪክና ምልክት

አርማ ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን አንበሳ፣ ንስር ወይም ጎራዴ ነው። በሰሜን ኖርዌይ የምትገኘው የካውቶኬይኖ ወረዳ አርማ ግን በሰማያዊ መደብ ላይ የቆመ አንድ ቢጫ ድንኳን ብቻ ነው። ለመሆኑ ድንኳን ለምን ተመረጠ? ምክንያቱን ስንመረምር የመምህርነት ሙያችንን የሚነካ ነገር ስላገኘንበት እንደሚከተለው አቅርበነዋል። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሀ/ መልክዓ ምድር

ካውቶኬይኖ በፊንማርክ አምባ ላይ ከፊንላንድ ጋር ትዋሰናለች። ስፋቷ 9,700 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ከኖርዌይ ወረዳዎች ሁሉ አንደኛ ናት፤ ነዋሪዎቿ ግን 3,000 እንኳ አይሞሉም። በበረዶው ወራት ብርዱ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ የሚደርስበት ጊዜ አለ። ፀሐይም ለሳምንታት አትወጣም፤ በበጋ ደግሞ ለሳምንታት አትጠልቅም።

እንዲህ ባለ ቦታ በእርሻ ብቻ መኖር አይቻልም። አብዛኛው ነዋሪ የሳሚ ብሔረሰብ ሲሆን፣ ኑሮው ከጥንት ጀምሮ የተያያዘው ሬይንዲር ከሚባለው የአጋዘን ዘመድ ጋር ነው። መንጋው በብርድ ወራት በአምባው ላይ ከበረዶ ሥር ሽበት እየጫረ ይበላል፤ በጸደይ ወደ ባሕር ዳርቻ ይወርዳል፤ በመከር ይመለሳል። እረኛውም አብሮ ይጓዛል። ስለዚህ የሚያስፈልገው ተነቅሎ የሚተከል ቤት ነበር። ይኸውም አናቱ ላይ በተጋጠሙ ምሰሶዎች የሚቆመው «ላቩ» የተባለው ድንኳን ነው። የወረዳዋ የሳሚኛ ስም ጉኦቭዳጌአይድኑ ሲሆን፣ «መካከለኛ መንገድ» ማለት ነው።

ለ/ ታሪክ

በ1852 ዓ.ም. በኖርዌይና በፊንላንድ መካከል ያለው ድንበር ለመንጋ ተዘጋ። በዚያው ዓመት ኅዳር ወር በሃይማኖት ስሜት የተነሣሡ ሳሚዎች በካውቶኬይኖ ዐመፁ፤ ነጋዴውና የመንግሥት ሹሙ ተገደሉ። በ1854 ዓ.ም. ሁለት መሪዎች አንገታቸው ተቀላ። የራስ ቅላቸውም ለምርምር ተብሎ ወደ ዋና ከተማው ተወሰደ። አፈር የለበሰው በ1997 ዓ.ም. ነው፤ ያውም ከ140 ዓመት በኋላ!

ሌላው በደል በክፍል ውስጥ የተፈጸመው ነው። በ1880 ዓ.ም. የወጣው መመሪያ መምህራን የሳሚን ልጆች ኖርዌይኛ እንዲያናግሩ፣ እንዲያስነብቡና እንዲያስጽፉ አዘዘ፤ ሳሚኛ ግን ለረዳትነት ብቻ ቀረ። እስቲ እናስበው፤ ልጁ ትምህርት ቤት ሲገባ መምህሩ የሚለውን አንዲት ቃል አይሰማም። ዝም ሲል ደግሞ «ሰነፍ ነው» ይባላል። በትምህርት ቤት ሳሚኛን ለማስተማሪያነት መጠቀም በሕግ የተፈቀደው በ1959 ዓ.ም. ነው።

በ1970 ዓ.ም. ደግሞ በወረዳዋ ውስጥ ያለችውን የማሲን መንደር በውሃ የሚያሰጥም የግድብ ዕቅድ መጣ። ሕዝቡ ተቃወመ፤ መንደሯም ተረፈች። አነስ ያለው ግድብ ግን አልቀረም። በ1979 ዓ.ም. ሳሚዎች በኦስሎ ምክር ቤት ፊት ረኀብ አደሙ፤ በ1981 ዓ.ም. 600 ያህል ፖሊሶች ተቃዋሚዎችን አነሡ። ግድቡም በ1987 ዓ.ም. ተጠናቀቀ።

ታዲያ ትግሉ ከንቱ ቀረ ወይ? አልቀረም። በዚያው በ1987 ዓ.ም. የሳሚ ሕግ ወጣ፤ በ1989 ዓ.ም. የሳሚ ፓርላማ ተከፈተ። በ2024 ዓ.ም. የኖርዌይ ምክር ቤት ስለ ደረሰው በደል ይቅርታ ጠየቀ።

ሐ/ አርማው

አርማው የጸደቀውም በ1987 ዓ.ም. ነው። በኖርዌይ ልማድ የወረዳ አርማ ሁለት ቀለም ብቻ ይኖረው ነበር፤ ሥዕሉም ከሩቅ የሚለይ መሆን ነበረበት። የካውቶኬይኖ ሕዝብ ከዘውድም ከጎራዴም ይልቅ «ኋላ ቀር» ሲባልበት የኖረውን የእረኛ ድንኳን ራሱን ወስዶ መታወቂያው አደረገው።

ከሁለት ዓመት በኋላ በዚያችው ወረዳ የሳሚ መምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ ተቋቋመ። ትናንት ከክፍል የተባረረው ቋንቋ ዛሬ መምህራን የሚሠለጥኑበት ሆኗል።

ከመካከላችን ቋንቋውን ወደማናውቀው ወረዳ የምንመደብ አለን። እንግዲያው በመጀመሪያው ሳምንት ሰላምታውን፣ የልጆቹን ስም አጠራርና የቤት ዕቃውን መጠሪያ ከተማሪዎቻችን እንማር። ዝም ያለውንም ልጅ «ሰነፍ» ከማለታችን በፊት ያልነውን ሰምቶን እንደሆነ እንጠይቅ።