መኪና በኩርባ ላይ ለምን ይዘማል? ወፍራም ስታቢላይዘርስ መፍትሔ ይሆናልን?

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የተጓዘ ተማሪ ሁሉ የጣርማ በርን ጠመዝማዛ ያስታውሰዋል። መኪናው ወደ ቀኝ ሲታጠፍ ተሳፋሪው ወደ ግራ ይጋደማል፤ የመኪናውም አካል አብሮት ወደ ግራ ይዘማል። ይህ ነገር የማይጥመው ባለ መኪና ወደ ጋራዥ ሄዶ «ስታቢላይዘሩን በወፍራም ለውጥልኝ» ይላል። በቅርቡ አንድ ጓደኛችን ይህንኑ ለማድረግ ተነሥቶ ምክር ቢጠይቀን «የፊተኛውን ነው ወይስ የኋለኛውን?» አልነው። «ምን ልዩነት አለው?» ሲል መለሰልን። ልዩነቱ መኪናው ከመንገዱ ላይ በመቅረቱና ከመንገዱ በመውጣቱ መካከል ያለ ልዩነት ስለ ሆነ፥ ነገሩን ከሥሩ ጀምሮ ማስረዳት ተገቢ ሆኖ አገኘነው።

ስታቢላይዘር ማለት በመኪናው ሥር ከግራ ወደ ቀኝ የተጋደመ የብረት ዘንግ ነው። መካከሉ ጎሚኒ በሚባለው የላስቲክ መያዣ ከሻንሲው ጋራ ታስሯል፤ ሁለቱ ጫፎቹ ደግሞ እንደ ክንድ ታጥፈው ጎማዎቹን ከሚሸከሙት ብረቶች ጋራ ተያይዘዋል። ሁለቱ ጎማዎች እኩል ሲነሡ ዘንጉ በጎሚኒው ውስጥ ዝም ብሎ ይዞራል። አንዱ ወደ ላይ፥ ሌላው ወደ ታች ሲሄድ ግን ዘንጉ ይጠመዘዛል፤ ተመልሶ ለመቃናት ስለሚታገልም የመኪናውን መዝመም ይቀንሳል።

የዘንጉ ግትርነት የሚያድገው በውፍረቱ አራተኛ ርቢ ነው። ይኸውም 20 ሚሊሜትር የነበረውን በ22 ብንለውጠው፥ ውፍረቱ ከመቶ 10 እጅ ብቻ ሲጨምር ግትርነቱ ከመቶ 46 እጅ ይጨምራል፤ 24 ብናደርገውማ ከእጥፍ ያልፋል። ደግሞም መጠምዘዝን በይበልጥ የሚቋቋመው የዘንጉ የውጭ ክፍል ነው። ስለዚህም 24 ሚሊሜትር ሆኖ ውስጡ 16 ሚሊሜትር ክፍት የሆነ ዘንግ ከክብደቱ ከመቶ 44 እጅ ሲቀንስ፥ ከግትርነቱ የሚያጣው 20 እጅ ያህል ብቻ ነው።

እስከዚህ ድረስ ወፍራሙ ሁሉ የተሻለ ይመስላል። ነገር ግን ስታቢላይዘር ለጎማ መንገድ የመያዝ ኃይል አይፈጥርለትም። መኪና ሲታጠፍ ከውስጠኞቹ ጎማዎች ወደ ውጭኞቹ የሚዛወር ሸክም አለ። መጠኑን የሚወስኑት የመኪናው ክብደትና ከፍታ፥ በግራና በቀኝ ጎማ መካከል ያለው ርቀት፥ የኩርባውም ጥበትና የመኪናው ፍጥነት ናቸው። ስታቢላይዘር ይህን ድምር እምብዛም አይለውጥም፤ የሚለውጠው በፊትና በኋላ ያለውን ክፍፍል ነው። ዘንጉ የወፈረበት በኩል ከዝውውሩ ትልቁን ድርሻ ይወስዳል። ጎማ ደግሞ ሸክሙ እጥፍ ሲሆንበት የመያዝ ኃይሉ እጥፍ አይሆንም፤ ያንሳል። እንግዲህ አንዱ እጅግ የተጫነበት፥ ሌላው የቀለለበት ጥንድ ጎማ እኩል ከተሸከመው ጥንድ ቀድሞ ይንሸራተታል ማለት ነው።

ስለዚህ የፊተኛውን ብናወፍር የፊት ጎማዎች ቀድመው ይለቃሉ፤ መሪው ቢዞርም መኪናው ቀጥ ብሎ መሄድን ይመርጣል። የኋለኛውን ብናወፍር ኋላው ቀድሞ ይለቅና መኪናው በራሱ ላይ ይዞራል። የመጀመሪያው ለተራ ነጂ ይቀላል፤ ቤንዚኑን ቀስ ብሎ ሲቀንስ ፊቱ ተመልሶ ይይዛል። ሁለተኛው ግን ነጂው ደንግጦ ቤንዚን ሲለቅ ይብሳል። ፋብሪካዎች አብዛኞቹን መኪናዎች ወደ መጀመሪያው እንዲያደሉ አድርገው የሚሠሩት በዚሁ ምክንያት ነው። የፊት ጎማ የሚስባቸው መኪናዎች ይህ ጠባይ ስለሚበዛባቸው፥ የኋለኛውን በጥቂቱ ማወፈር አስተጣጠፋቸውን ያሻሽላል፤ ከመጠን ያለፈ እንደ ሆነ ግን በረጠበ አስፋልት ላይ አደጋን ይጠራል።

ለዚህ ምስክር የሚሆን ታሪክ በአሜሪካ ተፈጽሟል። ሼቭሮሌት ሞተሩ ከኋላ የሆነውን ኮርቬርን ያቀረበው በፈረንጆች አቆጣጠር በ1960 ሞዴል ነበር። ክብደቱ ወደ ኋላ ያደላ ስለ ነበርና የኋላ አክስሉም በብርቱ ኩርባ ላይ ጎማውን ወደ ውስጥ እንዲያጋድል የሚያደርግ ስለ ነበር፥ ኋላው ቀድሞ እንዳይለቅ መላ ያስፈልገው ነበር። ፋብሪካው የፊት ስታቢላይዘር በማድረግ ፈንታ፥ የፊት ጎማዎች በ15፥ የኋላዎቹ በ26 ፒ.ኤስ.አይ. እንዲነፉ አዘዘ፤ ጥንቃቄውንም ለባለ መኪናው ተወው። ዘንጉ መደበኛ ዕቃ የሆነው በ1964 ሞዴል ነበር፤ የኋላውም አሠራር በ1965 ሞዴል ተለወጠ። በዚያው በ1965 ራልፍ ኔደር መኪናውን በመጽሐፉ አጥብቆ ነቀፈ፤ በ1972 የወጣው የመንግሥት ጥናት ግን ከዘመኑ መሰሎቹ የባሰ አይደለም አለ። ክርክሩ ያም ሆነ ይህ፥ የአንድ ዘንግ መኖርና አለመኖር ቀላል ነገር አለመሆኑን ሁላችንም እንረዳለን።

በእኛ አገር ደግሞ ሌላም ነገር አለ። ስታቢላይዘር ሁለቱን ጎማዎች ስለሚያስተሳስር፥ አንዱ ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ ሌላውንም ይነካዋል። ዘንጉ በወፈረ ቁጥር በኮረኮንች መንገድ ላይ መናጡ ይበዛል።

እንግዲህ ከመግዛት በፊት የጎማውን ጥርስና አየር፥ ሾክ አብዞርበሩን፥ ጎሚኒውንና የዘንጉን ማያያዣዎች መመርመር ይገባል። ይህ ሁሉ ደኅና ከሆነ አንዱን በኩል ብቻ፥ ያውም በጥቂቱ ለውጦ፥ ሰውና መኪና በሌለበት ሜዳ ቀስ ብሎ መሞከር ነው። ወዳጃችን መኪናውን አስነሥቶ ሥሩን ቢያስመረምር፥ የፊተኛው ስታቢላይዘር ጎሚኒ አልቆ ዘንጉ በባዶ ይንቀጫቀጭ ኖሯል። ጎሚኒውን አስለወጠ፤ ወፍራሙን ዘንግ ግን ሳይገዛው ቀረ።