ጫት ጉልበት ይሰጣልን?



ወደ መቱ በሄድን ጊዜ፣ ከአንዲት እናት ቤት ቡና ስንጠጣ እንዲህ ሲሉ ጠየቁን፦ «ልጄ ለፈተና ሲያጠና ጫት ይቅማል። ካልቃምሁ ትምህርቱ አይገባኝም ይለኛል። እውነት ቅጠሉ ጉልበት ይሰጠዋልን?» መንገደኞች ስለ ነበርን የሰጠናቸው መልስ አጭር ነበር። በጎሬና በያዮ፣ ዛሬ በሌላ ዞን በምትገኘው በበደሌም ይኸው ጥያቄ ስለ ገጠመን፣ አሁን ሰፋ አድርገን ልንመልሰው ወደድን።

ነጋዴው ጫቱን በኮባ ጠቅልሎ እርጥብ አድርጎ የሚይዘው ያለ ምክንያት አይደለም። በለጋው ቅጠል ውስጥ ካቲኖን የሚባል ንጥረ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ1975 ለይቶ ያወጣው የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ላቦራቶሪ ነው። ቅጠሉ ሲጠወልግ ካቲኖን ካቲን ወደሚባል ደከም ያለ ነገር ይለወጣል። ቃሚው የትናንቱን ጫት የሚንቀው ስለዚህ ነው።

ሰው ቅጠሉን ሲያላምጥ ካቲኖን አብዛኛው በጉንጩ ውስጠኛ ሥጋ በኩል ወደ ደሙ፣ ከደሙም ወደ አንጎሉ ይገባል። የአንጎል ሕዋሳት የሚላላኩት በኬሚካል ነው። ከመልእክተኞቹ አንዱ ዶፓሚን ሲሆን ደስታንና ትጋትን ይቀሰቅሳል፤ ሌላው ኖርአድሬናሊን ነው፤ ስንደነግጥ ልባችንን የሚያስመታው እርሱ ነው። አንጎል እነዚህን በቁጠባ ያወጣል፤ የተረፈውንም መልሶ ይሰበስባል። ካቲኖን ግን የጎተራውን በር በርግዶ ይከፍተዋል። ምርቃና የሚባለው ይኸው ነው። አንደበት ይፈታል፣ ሐሳብ ይፈጥናል፣ ረኃብና ድካም የጠፉ ይመስላሉ። በዚያው ሰዓት ልብ ይጣደፋል፣ የደም ሥር ይጠባል፣ የደም ግፊትም ይጨምራል።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ ቅጠሉ ያመጣው አዲስ ጉልበት የለም። ከጎተራው የነበረውን አወጣ እንጂ። ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ምርቃናው ሲበርድ ድብርትና ብስጭት ይከተላሉ። ካቲን ግን በደም ውስጥ ስለሚቆይ እንቅልፍ አይመጣም። የእኝህ እናት ጥያቄ የሚመለሰው እዚህ ላይ ነው። ሰው ቀን ያጠናውን አንጎሉ የሚያጸናው ሌሊት ሲተኛ ነው። ልጁ ገጾቹን በፍጥነት ይገለብጣል፣ የገባውም ይመስለዋል፤ ነገር ግን ያጠናውን የሚያጸናለትን ሌሊት ያጣዋል። ጠዋት ፈዝዞ ይነሣል፤ ፍዘቱን ለማባረር ደግሞ ዳግመኛ ይቅማል። አንዳንዱ ምርቃናውን ለመስበር መጠጥ ይጨምርበታል፤ ቃሚዎች ጨብሲ የሚሉት ነው። እንዲህ አንዱ ሱስ ሁለት ይሆናል።

«ቡናስ?» የሚል አይጠፋም፤ የኢሉባቦር ሰው ይህን ሳይጠይቅ አያልፍም! በቡና ውስጥ ያለው ካፌይን የሚሠራው በሌላ መንገድ ነው። ቀኑን ሙሉ በአንጎል ውስጥ አዴኖሲን የሚባል ነገር እየተጠራቀመ «ደክመሃል፣ ተኛ» ይላል። ካፌይን የአዴኖሲንን መቀመጫ ስለሚይዝበት መልእክቱ አይሰማም። ጎተራውን እንደ ጫት አይበረግድም። ቢሆንም ድካሙ ተሸፈነ እንጂ አልጠፋም፤ ተማሪ ማታ ማታ ከአቦሉ ቢታቀብ ይሻለዋል።

ጫት ከአንጎል በቀር ሌላውንም አካል ይጎዳል። የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ ሆድ ያደርቃል፣ ጨጓራን ይጎዳል። ነፍሰ ጡር ብትቅም ሕፃኑ ክብደቱ አንሶ ሊወለድ ይችላል። ብዙዎች የማያውቁትም አለ፦ አምፒሲሊን የታዘዘለት ሰው እየቃመ ቢውጠው መድኃኒቱ በሚገባ ወደ ደሙ አይገባለትም።

እኝህ እናት ስንሰናበታቸው «ቢተወውስ ይታመምብኝ ይሆን?» ብለው ነበር። ጫት የተወ ሰው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ብዙ ይተኛል፣ ይከፋዋል፣ ይነጫነጫል፣ በሕልሙም ዱካክ ያስጨንቀዋል። ይህ አብዛኛውን ጊዜ በቀናት ወይም በሁለት ሳምንት ውስጥ ይቀላል። በዚያን ጊዜ ይብላ፣ ይተኛ፣ ሰነፍ ተብሎም አይሰደብ። ነገር ግን ሌላው የማይሰማው ድምፅ የሚሰማው፣ ሰው ሁሉ የሚከታተለው የሚመስለው፣ ወይም ሞትን የሚመኝ ከሆነ፣ ሳይውል ሳያድር ወደ ቅርብ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ መቱ ካርል ሆስፒታል ይወሰድ፤ ብቻውንም አይተው።