ለብቻ ይማሩ ወይስ ከሌላው ጋር?

በአገራችን የቤተ ክህነት ትምህርት ቤት ዓይነ ስውር ተማሪ እንግዳ ሆኖ አያውቅም። ከየኔታ እግር ሥር ተቀምጦ ዜማውን በጆሮው ይቀበላል፤ ከጓደኞቹ ጋር ይቀጽላል፤ ቅኔውንም እንደ ማንኛውም ተማሪ ይቆጥራል። ከዚህም የተነሣ ብዙ ዓይነ ስውራን ሊቃውንት ከዚያ ወጥተው ራሳቸው ወንበር ተክለው አስተምረዋል። ዛሬ «አካቶ ትምህርት» የምንለው ነገር ስሙ ሳይታወቅ በሥራ ላይ ነበረ ማለት ነው። ይህም የሆነው በየኔታ ርኅራኄ ብቻ ሳይሆን ትምህርቱ በቃል የሚሰጥ በመሆኑ ጭምር ነው። መስማት የተሳነው ልጅ ግን በዚያው ጉባኤ ብዙ ጊዜ ቦታ አያገኝም ነበር። የቃል ትምህርት ለአንዱ የከፈተውን በር በሌላው ላይ ዘግቶታልና።

ውድ አንባቢ፣ ልዩ ፍላጎት ያላቸው ልጆች በተለየ ትምህርት ቤት ይማሩ ወይስ ከሌሎች ልጆች ጋር በአንድ ክፍል ይቀመጡ የሚለው ክርክር በተነሣ ቁጥር ይህን ማስታወስ ይጠቅማል።

ለብቻ ይማሩ የሚሉት ወገኖች በቂ ማስረጃ አላቸው። በ1809 እ.ኤ.አ. የተወለደው ፈረንሳዊው ሉዊ ብሬል በሦስት ዓመቱ በአባቱ የቆዳ ሥራ ቤት ዓይኑን በመሣሪያ ወግቶ፣ ሕመሙ ወደ ሌላው ዓይኑ ተላልፎ ታወረ። ዐሥር ዓመት ሲሆነው ፓሪስ ወደሚገኘው የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ገባ። በዚያም አንድ የጦር መኰንን ያቀረበውን ባለ ነጥብ ጽሕፈት አሻሽሎ፣ በ15 ዓመቱ በጣት የሚነበበውን የስድስት ነጥብ ፊደል አወጣ። ይህ ፊደል የተገኘው ዓይነ ስውራን ልጆች በአንድነት በተሰበሰቡበት ስፍራ መሆኑን መዘንጋት አይገባም።

ይሁንና ለብቻ መማር ብቻውን ዋስትና አይሆንም። በ1880 እ.ኤ.አ. ሚላን ላይ የተሰበሰቡ መስማት የተሳናቸው ልጆች አስተማሪዎች የምልክት ቋንቋ ቀርቶ ትምህርት በአንደበት ብቻ እንዲሰጥ ወሰኑ። ውሳኔው በብዙ አገሮች ሥራ ላይ ስለ ዋለ፣ እነዚያ ልጆች ለእነርሱ ተብሎ በተሠራ ትምህርት ቤት ውስጥ የገዛ ቋንቋቸውን ተከለከሉ። የዚሁ ጉባኤ ወራሾች ጸጸታቸውን የገለጹት ከ130 ዓመት በኋላ፣ በ2010 እ.ኤ.አ. ቫንኩቨር ላይ ነው።

አብረው ይማሩ የሚሉትም ሐሳባቸው ቀላል አይደለም። ልጅ ከሰፈሩ ልጆች ተለይቶ ሲያድግ፣ ሰፈሩም እርሱን ሳያውቅ ያድጋል፤ ነገ አሠሪውና ባልደረባው የሚሆኑት እነዚያው የማያውቁት ልጆች ናቸው። በ1994 እ.ኤ.አ. የ92 መንግሥታት መልእክተኞች ሳላማንካ ላይ ተሰብስበው መደበኛው ትምህርት ቤት ለሁሉም ልጆች ክፍት እንዲሆን ጠይቀዋል። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነትም በ24ኛው አንቀጹ ማንም በጉዳቱ ምክንያት ከጠቅላላው ትምህርት እንዳይገለል ያዛል። ያው አንቀጽ ብሬልና የምልክት ቋንቋ የሚያውቁ መምህራን እንዲቀጠሩም ጨምሮ ያዛል።

ሁለቱ መንገዶች ተጋግዘው እንደሚሠሩ የወይዘሮ የትነበርሽ ንጉሤ ታሪክ ያስረዳል። በአምስት ዓመታቸው የዓይናቸውን ብርሃን አጥተው በሻሸመኔ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ተማሩ፤ ከዚያም በአዲስ አበባ ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ከሌሎች ተማሪዎች ጋር ቀጥለው፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ አጠኑ። በ2017 እ.ኤ.አ. «ራይት ላይቭሊሁድ» ከሚባለው ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቋዳሽ ሆነዋል።

እንግዲህ ልዩ ትምህርት ቤት የልጁን ፊደልና ቋንቋ የሚያስጨብጥ መሠረት፣ የጋራው ክፍል ደግሞ ከወገኑ ጋር የሚኖርበት አደባባይ ቢሆን መልካም ነው። ነገር ግን አደባባዩ መዘጋጀት አለበት። መምህሩ ሰሌዳው ላይ ጽፎ «ይህ ሲደመር ይህ» ቢል፣ ዓይነ ስውሩ ተማሪ የሰማው «ይህ»ን ብቻ ነው። ፊቱን ወደ ሰሌዳው አዙሮ ሲናገር ደግሞ ከንፈር የሚያነበው ልጅ ትምህርቱ ያመልጠዋል። ፊደል እየተዘበራረቀበት ማንበብ የሚቸግረው ልጅም፣ ጉዳቱ ለዓይን ስለማይታይ፣ ሰነፍ ተብሎ ይገረፋል። እንዲህ ያለው ልጅ በስም ከሌሎች ጋር ተቀምጧል፤ በእውነቱ ግን በሰው መካከል ሆኖ ብቻውን ነው።

ነገ በየወረዳው የትምህርት ጽሕፈት ቤት የምትቀመጡ ወጣቶች ሆይ! የተመዝጋቢዎችን ቁጥር ብቻ ቆጥሮ «አካተናል» ብሎ ሪፖርት መጻፍ ቀላል ነው። ይልቁንስ የብሬል መጽሐፉ ትምህርት ከመጀመሩ በፊት ደርሷል ወይ? የምልክት ቋንቋ የሚያውቅ መምህር ተመድቧል ወይ? በፈተና ጊዜ ተጨማሪ ሰዓት ተፈቅዷል ወይ? ብላችሁ ጠይቁ። አባቶቻችን «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ብለዋል፤ የአካቶ ትምህርት ቤት የሚል ሰሌዳ ከመሰቀሉም በፊት መምህሩ ይሠልጥን፣ መሣሪያውም ይግባ።