የዲስክ ክፍልፍል ችግሮች

የዲስክ ክፍልፍል (በተለምዶ ፓርቲሽን) ማለት አንድ ሃርድ ዲስክ ወይም ኤስኤስዲ በውስጡ ድንበር ተበጅቶለት፣ ኮምፒውተሩ እንደ ተለያዩ ዲስኮች ከሚያያቸው ክፍሎች አንዱ ነው። በኢትዮጵያ ዊንዶውስ የሚጭኑ ባለሙያዎች ብዙ ጊዜ ዲስኩን ለሁለት ይከፍሉታል፦ ሲ ላይ ዊንዶውስና ፕሮግራሞች፣ ዲ ላይ ደግሞ የባለቤቱ ፋይሎች ይቀመጣሉ። ሲ ፎርማት ቢደረግ ዲ እንዳይነካ ታስቦ ነው። ይህ ልማድ ከዊንዶውስ ብልሽት ያድናል፤ ከዲስኩ ብልሽት ግን አያድንም፤ ሁለቱም ያሉት በአንድ ዕቃ ላይ ነውና።

የክፍልፍል ሰንጠረዥ

ድንበሮቹ የሚመዘገቡት እጅግ ጠባብ በሆነ ቦታ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 ከፒሲ ዶስ 2.0 ጋር የመጣው ኤምቢአር በዲስኩ የመጀመሪያ 512 ባይት ውስጥ ይቀመጣል፤ ከዚያም ለሰንጠረዡ የተመደበው 64 ባይት ብቻ ነው፣ ለአራት ክፍልፍሎች ለእያንዳንዳቸው 16 ባይት። አዲሱ ዘዴ ጂፒቲ በተለምዶ 128 ክፍልፍሎችን ይይዛል፤ የሰንጠረዡንም ቅጂ በዲስኩ መጨረሻ ያስቀምጣል።

እነዚያ 64 ባይቶች ሲበላሹ ባለ 500 ጊጋባይት ዲስክ ባዶ መስሎ ይታያል። ፋይሎቹ ግን ባሉበት ናቸው። የቀበሌው የመሬት መዝገብ ቢቃጠል የቡናው ማሳ አብሮ እንደማይቃጠል ማለት ነው። ችግሩ የሚከፋው ብዙውን ጊዜ ከዚህ በኋላ በሚደረገው ነገር ነው።

መንስኤ

ሰንጠረዡ ወይም የፋይል ሥርዓቱ በሚጻፍበት ቅጽበት መብራት መጥፋቱ ከታወቁት መንስኤዎች አንዱ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው ሰኮሩ አቅራቢያ፣ 184 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ግልገል ጊቤ አንድ ግድብ ይገኛል። ሆኖም ለኃይል ማመንጫ ቅርብ መሆን፣ ነጎድጓድ በሚበዛበት የጅማ ክረምት፣ ከመብራት መቆራረጥ አያድንም። ባትሪ ያለው ላፕቶፕ ጉዳቱን ይቋቋማል። ዩፒኤስ በሌለው ዴስክቶፕ ላይ ግን የክፍልፍልን መጠን መቀየር አደገኛ ሥራ ነው፤ ፋይሎች ከቦታ ወደ ቦታ ሲዛወሩ ለሰዓታት ሊቆይ ይችላልና።

ምልክቶችና መፍትሔ

ዊንዶውስ «ዲስኩን ከመጠቀምዎ በፊት ፎርማት ማድረግ ያስፈልጋል» የሚል መልእክት ሲያመጣ፣ የፎቶ ቤት የሠርግ ሥዕሎች ወይም የተማሪ የመመረቂያ ጽሑፍ ያለበትን ዲስክ እሺ ብሎ ፎርማት ማድረግ ከሁሉ የከፋው ምርጫ ነው። በሃርድ ዲስክ ላይ ፈጣን ፎርማት አብዛኛውን መረጃ ሳይነካ ሊያልፍ ይችላል። በኤስኤስዲ ላይ ግን ትሪም የሚባለው አሠራር መረጃውን በቅጽበት ሊያጠፋው ይችላል።

ቀጥሎ መታየት ያለበት የዊንዶውስ የዲስክ ማስተዳደሪያ መስኮት ነው። ክፍልፍሉ ኖሮ መለያ ፊደል ብቻ ከጎደለው፣ ፊደል መስጠት ይበቃል። «ሮው» ከተባለ የተጎዳው የፋይል ሥርዓቱ ነው። ክፍልፍሉ በነበረበት ቦታ «ያልተመደበ» የሚል ከታየ ደግሞ የተጎዳው ሰንጠረዡ ነው። ዲስኩ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካሰማ ጉዳዩ የሶፍትዌር ስላልሆነ ወዲያው ማጥፋት ይሻላል።

ዲስኩ ጤነኛ ከሆነ በመጀመሪያ ሙሉ ቅጂው ወደ ሌላ፣ ቢያንስ እኩል ስፋት ወዳለው ዲስክ ይወሰዳል። ሁለተኛ ዲስክ መግዛት ወጪ ስለሆነ ብዙዎች የሚዘሉት ይህንን ነው። ከዚያ በኋላ በክሪስቶፍ ግሬኒየር የተሠራው ነፃው ቴስትዲስክ፣ የጠፉትን ክፍልፍሎች ፈለግ ዲስኩ ላይ አስሶ ሰንጠረዡን እንደገና ይጽፋል። ይህ ካልተሳካ አብሮት የሚመጣው ፎቶሬክ ፋይሎቹን በዓይነታቸው እየለየ ያወጣል፤ ስማቸውና ፎልደራቸው ግን ይጠፋል። የሚወጡት ፋይሎች በምንም መልኩ ወደዚያው ዲስክ መጻፍ የለባቸውም። ቼክዲስክም ራሱ ዲስኩ ላይ ስለሚጽፍ ከቅጂው በፊት አይታዘዝም።

ቀለል ያሉ ችግሮች

ሲ ሲሞላ «ቮሊዩም አስፋ» የሚለው ትእዛዝ የማይሠራው፣ ብዙውን ጊዜ ባዶው ቦታ ከሲ ቀጥሎ በስተቀኝ ስላልሆነ ነው። ዊንዶውስ ሲጫን ዲስኩ ኤምቢአር ስለሆነ አይሆንም ከተባለ፣ ዲስኩን ሙሉ በሙሉ ማጽዳት ግዴታ አይደለም። ዊንዶውስ 10 እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ የያዘው ኤምቢአር2ጂፒቲ፣ ዊንዶውስ ያለበትን ዲስክ ፋይሎቹን ሳያጠፋ ይቀይረዋል። ፍላሽ ላይ ፎልደሮች ወደ ሾርትከት ተለውጠው ሲገኙ ደግሞ ጉዳዩ የክፍልፍል ሳይሆን የቫይረስ ነው፤ ፋይሎቹ የተደበቁ እንጂ የጠፉ አይደሉም።