ኢንተርኔቱን የሚያንቀው ማን ነው?

ፋይል መላክ ሲንቀራፈፍ ፍርዱ የትም አገር አንድ ነው፤ «ሆን ብለው ነው የሚይዙት»። አዲስ አበባ ያለውም፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለውም፣ ስቶክሆልም ያለውም ይኼንኑ ይላል። ቴክኖሎጂ ትንሽ የቀመሰው ወገን ደግሞ «ዋይፋይህን አስተካክል እንጂ ማን አንተን ይከታተላል» ብሎ ያጣጥለዋል። እንደኔ እንደኔ ሁለቱም ቸኩለዋል። ኢንተርኔት አቅራቢ የደንበኛውን ፋይል ሲያደናቅፍ እጅ ከፍንጅ ተይዞ ያውቃል፤ የተያዘው ግን በሐሜት ሳይሆን በመለኪያ ነው። ቤታችን የሚያጋጥመን መጓተት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ምክንያት አለው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«አቅራቢው ይገድባል የሚባለው የሴራ ወሬ ነው»

በ2007 ሮብ ቶፖልስኪ የሚባል አሜሪካዊ የኔትወርክ ባለሙያ፣ ያለ ሙዚቃ መሣሪያ በአራት ድምፅ የሚዜሙ የድሮ ዘፈኖችን ቢትቶረንት በተባለው የፋይል ማካፈያ ዘዴ ለሌሎች ለማካፈል ይሞክራል። ማካፈሉ አልሄድ ይለዋል። ሙያው ነውና ዝም ብሎ አልተበሳጨም፤ ከኮምፒውተሩ የሚወጡትንና ወደ ኮምፒውተሩ የሚገቡትን ፓኬቶች (የመረጃ ቁራጮች) መዝግቦ መረመረ። ግንኙነቱ የሚቋረጠው ከሁለቱ ኮምፒውተሮች አንዳቸውም ሳይጠይቁ ሆኖ አገኘው።

አሠራሩ እንዲህ ነበር። ሁለት ኮምፒውተሮች ሲነጋገሩ አንዱ በድንገት መውጣት ቢያስፈልገው «ግንኙነቱ ይቋረጥ» የሚል አጭር ትእዛዝ ይልካል፤ በሙያው ቋንቋ ሪሴት ፓኬት ይባላል። የቶፖልስኪ ኢንተርኔት አቅራቢ ኮምካስት ነበር። ኩባንያው ሳንድቫይን ከተባለ የካናዳ ድርጅት ያገኘው መሣሪያ ይህንን ትእዛዝ በደንበኛው ስም አስመስሎ ለወዲያኛው ኮምፒውተር፣ በወዲያኛው ስም አስመስሎ ደግሞ ለደንበኛው ይልክ ነበር። እያንዳንዳቸው ሌላኛው የዘጋባቸው ይመስላቸዋል። ይቅርታ የሚል ጽሑፍ የለ፣ ማስጠንቀቂያ የለ፤ ደንበኛው የሚያየው ፋይሉ አለመሄዱን ብቻ ነው።

ኩባንያው መጀመሪያ ካደ። በኦክቶበር 2007 አሶሺየትድ ፕሬስ የተባለው የዜና ወኪል የራሱን ሙከራ አደረገ፤ ለሙከራ የመረጠውም ፋይል የኪንግ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስ ነበር። ብልህ ምርጫ ነው፤ መጽሐፍ ቅዱስ የሚያካፍልን ሰው የፊልም ሌባ ማለት አይመችም። እሱም ተደናቀፈ። ኤሌክትሮኒክ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን የተሰኘው የዲጂታል መብት ተሟጋች በበኩሉ ፈትሾ ያንኑ አረጋገጠ። ከዚህ በኋላ የኩባንያው ቃል ተለሳለሰ፤ «አልከለከልንም፣ ጥቂት እናዘገያለን» ወደ ማለት መጣ።

በፌብሩዋሪ 2008 የአሜሪካ የፌዴራል ኮሚዩኒኬሽን ኮሚሽን ጉዳዩን ለመስማት በሃርቫርድ ሕዝባዊ ስብሰባ ጠራ። ኮምካስት ወንበር የሚይዙ ሰዎች በገንዘብ ቀጥሮ እንደነበር ኋላ ላይ አመነ፤ አቤት ሊል ከመጣው ሕዝብ አዳራሹ ሞልቷል ተብሎ የተመለሰ ነበር። (አበል ተከፍሎ የሚሞላ አዳራሽ ለኛ አንባቢ እንግዳ አይደለም።) በዚያው ዓመት ኦገስት ላይ ኮሚሽኑ 3 ለ 2 በሆነ ድምፅ ድርጊቱ ተገቢ አይደለም ብሎ ወሰነ፤ እስከ ዓመቱ መጨረሻም እንዲቆም አዘዘ። ከውሳኔው ውስጥ ለኔ ዋናው ነጥብ ይሄ ነው፤ መሣሪያው ግንኙነት የሚቆርጠው መስመሩ ሲጨናነቅ ብቻ አልነበረም። መንገዱ ባዶ ሲሆንም ይቆርጥ ነበር። ስለዚህ «መጨናነቅ ለማስታገስ ነው» የሚለው መከላከያ አልቆመም። ቅጣት ግን አልተጣለም። ደንበኞች ያቀረቡት የጋራ ክስ በ16 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ተዘጋ፤ ለአንድ ሰው የሚደርሰው ቢበዛ 16 ዶላር ነበር፤ ኩባንያውም ጥፋቱን አላመነም።

«የተገደበው ሕገወጥ ስለሆነ ነው»

መሣሪያው የቅጂ መብት አያጣራም ነበር፤ መጽሐፍ ቅዱሱን ያስቆመው ለዚህ ነው። ቢትቶረንትን ብራም ኮኸን በ2001 ሲሠራው ዋናው ሐሳብ ትልቅ ፋይልን ቆራርጦ፣ የሚቀበለው ሰው ሁሉ የደረሰውን ቁራጭ ለሌላው እንዲያካፍል ማድረግ ነበር። ሊኑክስን የመሰሉ ነፃ ሶፍትዌሮች እስከ ዛሬ በዚህ መንገድ ይሠራጫሉ። የተሰረቀ ፊልም እንደሚሠራጭበትም የታወቀ ነው። አቅራቢዎቹን ያሳሰባቸው ግን ሌላ ነው፤ ተቀባዩ ሁሉ ላኪ ከሆነ፣ ለመላክ ያልተሠራ መስመር ይጨናነቃል። ይህ ደግሞ ወደ ቀጣዩ አባባል ይወስደናል።

«ፊልም ሳይቆራረጥ እያየሁ ፋይል መላክ ያቃተኝ፣ ቢገድቡኝ ነው»

ከሁሉም በላይ የሚያሳስተው ይሄ ነው። ማስታወቂያ ላይ በትልቁ የሚጻፈው ቁጥር የዳውንሎድ ፍጥነት ነው። የአፕሎዱ በታች በደቃቅ ፊደል ይቀመጣል፣ ወይም ከነጭራሹ አይጻፍም። በተለይ የኬብል ቴሌቪዥን መስመር የተዘረጋው ብዙ ወደ ቤት ለማስገባት እንጂ ከቤት ለማውጣት አይደለም፤ በሰሜን አሜሪካ በነባሩ አሠራር ለአፕሎድ የተተወው ከ5 እስከ 42 ሜጋኸርዝ ያለው ቀጭን ክፍል ነው፤ ከ54 ሜጋኸርዝ በላይ ያለው ሰፊው ሜዳ በሙሉ ለዳውንሎድ ነው። ያንን ቀጭን ክፍል ደግሞ ሰፈሩ በጋራ ይጠቀምበታል።

አንድ የሠርግ ቪዲዮ እናስላ። አሜሪካ የተደገሰ ሠርግ፣ 20 ጊጋባይት የሆነ ፋይል፣ አዲስ አበባ ላሉት ቤተሰቦች ሊላክ ነው። ሙሽራው የሚከፍለው በሰከንድ ለ300 ሜጋቢት ዳውንሎድ ነው፤ አፕሎዱ 10 ሜጋቢት ነው። ያንን ፋይል ማውረድ ቢሆን 9 ደቂቃ ያህል ይበቃዋል። መላኩ ግን ምንም ሳይስተጓጎል ቢሄድ እንኳ ወደ 4 ሰዓት ተኩል ይፈጃል። ማንም አላነቀው፤ የገዛው እሱኑ ነው።

ፋይሉ በሚሄድባቸው በነዚያ ሰዓታት የቀረውም ኢንተርኔት ይደክማል፣ ልጆቹም «ኔትዎርክ የለም» ይላሉ። ምክንያቱም ስናወርድ ኮምፒውተራችን «ደርሶኛል» የሚል ማረጋገጫ በአፕሎዱ በኩል መመለስ አለበት፤ አፕሎዱ በቪዲዮ ከተሞላ ማረጋገጫው ሞደሙ ውስጥ ወረፋ ይይዛል። መፍትሔው ቀላል ነው። በሚልከው ፕሮግራም ላይ የአፕሎዱን ፍጥነት ከመስመሩ አቅም 80 በመቶ ገደማ ላይ መወሰን። ፍጥነት ለማግኘት ፍጥነት መቀነስ ሞኝነት ይመስላል፤ ሞክሩት። የቢትቶረንት ሰዎችም ይህንን ተረድተው፣ ወረፋ ሲረዝም ራሱ ወደ ኋላ የሚል አላላክ ሠርተዋል፤ በ2012 ሌድባት በሚል ስም የኢንተርኔት መሐንዲሶች ሰነድ ሆኖ ወጥቷል።

«100 ገዝቼ 12 ብቻ ነው የሚሰጡኝ»

አቅራቢው የሚሸጠው በሜጋቢት፣ ኮምፒውተሩ የሚያሳየው በሜጋባይት ነው። አንድ ባይት 8 ቢት ነው። 100 ለ8 ሲካፈል 12.5። ሒሳቡ ትክክል ነው፤ አልተሰረቃችሁም።

«ሁለታችንም ጥሩ ኢንተርኔት አለን፤ መሃል ላይ የያዘው ሰው አለ»

መሃል ላይ ያለው ርቀት ነው። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ያም ሆኖ ከዋሽንግተን አዲስ አበባ ደርሶ ለመመለስ፣ ቀጥታ መስመር ቢኖር እንኳ፣ ከ100 ሚሊሰከንድ በላይ ያስፈልገዋል። መንገዱ ደግሞ ቀጥታ አይደለም፤ የባሕር በር ስለሌለን ኢንተርኔታችን በጅቡቲና በሌሎች ጎረቤቶች በኩል ነው ከባሕር ገመዶች ጋር የሚገናኘው። አንዳንድ አሮጌ ሶፍትዌሮች 64 ኪሎባይት ልከው ማረጋገጫ እስኪመጣ ቆመው ይጠብቃሉ። መልስ ለመምጣት 200 ሚሊሰከንድ ከፈጀ፣ እንዲህ ያለው ፕሮግራም በሰከንድ ከ2.6 ሜጋቢት በላይ መሄድ አይችልም፤ የፈለጋችሁትን ያህል ብትከፍሉ። ፋይሉን ከፋፍሎ ብዙ ግንኙነት በአንድ ጊዜ የሚከፍት አዲስ ፕሮግራም ይህንን ይቀርፋል።

«በቪፒኤን ከፈጠነ፣ ይገድቡኝ ነበር ማለት ነው»

ሊሆን ይችላል፤ ማስረጃ ግን አይደለም። ቪፒኤን የምትልኩት ነገር ምን ዓይነት እንደሆነ ይሸፍናል። ስለዚህ እንደ 2007ቱ የፋይሉን ዓይነት እየለየ የሚያጠቃ መሣሪያ ካለ ያመልጠዋል። ነገር ግን መንገዱንም ይቀይራል። በ2014 የአሜሪካ ደንበኞች ኔትፍሊክስ ሲንቀራፈፍባቸው ቪፒኤን ሲከፍቱ እንደሚፈጥን አይተው «ተያዙ!» አሉ። ችግሩ የነበረው የኔትፍሊክስን ፊልም የሚያመጡት ኩባንያዎችና የቤት ኢንተርኔት አቅራቢዎቹ በሚገናኙበት በር ላይ ነበር፤ በሩ ሞልቶ ሳለ ማን ያስፋው፣ ማንስ ይክፈል በሚል ክርክር ለወራት ተጨናንቆ ቆየ። ቪፒኤኑ በሌላ በር አስገባቸው። ኔትፍሊክስ በዚያው ዓመት ፌብሩዋሪ ለኮምካስት ለመክፈል ተስማማ። አቅራቢው ንጹሕ ነበር ማለቴ አይደለም፤ በር አላሰፋም ማለትና ፓኬት እየለየ ያዘገያል ማለት ግን ለየቅል ክሶች ናቸው፤ የሚረጋገጡትም በተለያየ መንገድ ነው። በወር የተፈቀደላችሁን መጠን ጨርሳችሁ ፍጥነቱ ከወረደ ደግሞ ቪፒኤን ምንም አይፈይድም፤ የሚቆጠረው ጠቅላላው መጠን ነው።

«ስፒድ ቴስቱ ደህና ነው ካለ ደህና ነው»

ስፒድ ቴስት ብዙ ጊዜ የሚለካው በቅርብ ወዳለ ሰርቨር ነው፤ አንዳንዴ ሰርቨሩ አቅራቢው ግቢ ውስጥ ያለ ነው። የሠፈሩን መንገድ ለክቶ ስለ አገር አቋራጩ አይመሰክርም። ኔትፍሊክስ በ2016 ከራሱ ሰርቨሮች የሚለካ ፋስት የተሰኘ መለኪያ ያወጣው ያለ ምክንያት አልነበረም። ከኮምካስቱ ጉዳይ በኋላ የጀርመኑ ማክስ ፕላንክ ተቋም ተመራማሪዎች ግላስኖስት የሚባል መፈተሻ ሠርተው ነበር፤ አንዱን ፋይል አንዴ ቢትቶረንት አስመስሎ፣ አንዴ ተራ አስመስሎ እየላከ ልዩነቱን ያያል። ዛሬ በስልክ የሚጫነው ዊሂ ተመሳሳይ ዘዴ ይከተላል። ገደብን የሚያጋልጠው እንዲህ ያለ ንጽጽር ነው እንጂ ነጠላ ቁጥር አይደለም።

«ያልተገደበ ጥቅል አይገደብም»

በ2018 ካሊፎርኒያ በሰደድ እሳት ስትቃጠል የሳንታ ክላራ አውራጃ የእሳት አደጋ ሠራተኞች የአዛዥ ተሽከርካሪያቸው የሞባይል ኢንተርኔት ፍጥነት ከቀድሞው ወደ 200ኛ እጅ ወይም ከዚያም በታች ወረደባቸው። የገዙት ቬራይዘን ከተባለ የስልክ ኩባንያ «ያልተገደበ» የተሰኘ ጥቅል ነበር፤ በውሉ ግን የተወሰነ መጠን ካለፈ ፍጥነቱ ይቀንሳል። ኩባንያው በአደጋ ጊዜ ገደቡን አለማንሳቱ የደንበኛ አገልግሎት ስህተት ነው አለ። «ያልተገደበ» መጠኑን እንጂ ፍጥነቱን አይመለከትም፤ ልዩነቱ የሚገኘው ማንም በማያነበው ገጽ ላይ ነው።

«ሕግ ከልክሎታል»

የት አገር? በአሜሪካ፣ ኮምካስትን ያስቆመውን ውሳኔ የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት በኤፕሪል 2010 ሻረው፤ ኮሚሽኑ ሥልጣኑ የለውም በማለት። በ2015 እየለዩ ማዘግየትን የሚከለክል ጠንካራ ደንብ ወጣ፣ በ2017 ተሻረ፣ በ2024 ተመለሰ፣ በጃንዩዋሪ 2025 ሌላ ይግባኝ ፍርድ ቤት ሰረዘው። ካሊፎርኒያ በ2018 ያወጣችው የራሷ ሕግ አላት። በአውሮፓ ኅብረት ከኤፕሪል 2016 ጀምሮ የሚሠራው ደንብ አገልግሎትን እየለዩ ማዘግየትን ይከለክላል፤ ጊዜያዊ መጨናነቅን ማስተናገድን ግን ይፈቅዳል።

ስለዚህ አቤቱታ ከማቅረባችሁ በፊት ኮምፒውተሩን በኬብል ከራውተሩ ጋር አገናኙ፤ አፕሎዱን ለይታችሁ ለኩ፤ ጠዋትም ማታም ደጋግማችሁ መዝግቡ። ከዚያ ወረቀቱን ጠይቁ። አውሮፓ ያላችሁ የመደበኛ መስመር ውላችሁ ዝቅተኛውን፣ የተለመደውንና ከፍተኛውን ፍጥነት የመግለጽ ግዴታ አለበት። አሜሪካ ያላችሁ ከ2024 ጀምሮ አቅራቢዎች ለእያንዳንዱ ጥቅል የሚያወጡት መግለጫ ላይ የአፕሎዱን ፍጥነት ታገኛላችሁ። አዲስ አበባ ያላችሁም አፕሎዱ ስንት እንደሆነና ፍጥነቱ ከስንት ጊጋባይት በኋላ እንደሚቀንስ ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ።