ወንበራቸው ላይ ሳይቀመጡ ሦስት ጊዜ የተመረጡት እንደራሴ

ሕዝብ መርጦ ወደ ምክር ቤት የሚልከውን ሰው በቋንቋችን «እንደራሴ» እንለዋለን። ቃሉን ከፈል አድርገው ቢመለከቱት «እንደ ራሴ» የሚል ሆኖ ያገኙታል። መራጩ «እኔ እዚያ ድረስ ሄጄ ልናገር ስለማልችል፣ ይህ ሰው እንደ እኔው ሆኖ ይናገርልኝ» ብሎ አፉን ያዋሰው ሰው ነው ማለት ነው። ከዚህም አንድ ከባድ ጥያቄ ይነሣል። ሕዝቡ መርጦ የላከውን ሰው፣ በምክር ቤቱ ውስጥ ያሉት ሌሎቹ እንደራሴዎች «አነጋገርህ አላማረንምና ከበር ተመለስ» ሊሉት ይችላሉን?

ይህ ጥያቄ በአሜሪካ አገር፣ በጆርጂያ ግዛት፣ በ1966 ዓ. ም. በእርግጥ ተነሥቶ ነበር። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናሳስባለን። ነገሩ የደረሰባቸው ሰው ሚስተር ጁሊያን ቦንድ ይባላሉ፤ ያን ጊዜ ገና የ25 ዓመት ወጣት ነበሩ።

የግዛት ምክር ቤት ምንድን ነው?

ታሪኩን ከመጀመራችን በፊት ስለ አሠራሩ ጥቂት እንበል። አሜሪካ 50 ግዛቶች ያሉት አገር ሲሆን፣ በዋሽንግተን ከሚሰበሰበው ከታላቁ ምክር ቤት ሌላ እያንዳንዱ ግዛት የራሱ ሕግ አውጪ ምክር ቤት አለው። የትምህርት ቤቱ፣ የመንገዱ፣ የምርጫው ሥነ ሥርዓትና የወንጀል ቅጣቱ ጉዳይ አብዛኛው የሚቆረጠው በዚህ በግዛቱ ምክር ቤት ነው። ስለዚህ የአንድ ተራ ሰው የዕለት ኑሮ የሚነካው በዋሽንግተን ከሚወጣው ሕግ ይልቅ ብዙ ጊዜ በዚሁ በቅርቡ ባለው ምክር ቤት ነው ማለት ይቻላል።

የጆርጂያ ምክር ቤት በአትላንታ ከተማ፣ ጉልላቱ በወርቅ በተለበጠው ሕንጻ ውስጥ ይሰበሰባል። ዛሬ 180 እንደራሴዎችና 56 ሴናተሮች አሉት፤ ሁሉም በየሁለት ዓመቱ ይመረጣሉ። ይህ ቤት የተመረጡ ሰዎችን ከደጅ ሲመልስ የ1966ቱ የመጀመሪያው አልነበረም። የባርነት ሥርዓት ከፈረሰ በኋላ በ1868 ዓ. ም. ጥቁሮች ለመጀመሪያ ጊዜ ተመርጠው ቢገቡ፣ ነጮቹ አባላት ተማክረው «ጥቁር የመምረጥ እንጂ የመመረጥ መብት የለውም» በማለት አስወጧቸው። ከተባረሩት አንዱ ሄንሪ ማክኒል ተርነር የተባሉ ሰባኪ ነበሩ። በ1870 ዓ. ም. በማዕከላዊው መንግሥት ግፊት ተመለሱ እንጂ፣ ብዙም ሳይቆይ የጥቁሮቹ የምርጫ መብት በሕግም በዘዴም ተገፈፈ። ሚስተር ሊሮይ ጆንሰን በ1962 ዓ. ም. ለሴኔቱ እስኪመረጡ ድረስ ከ50 ዓመት በላይ አንድም ጥቁር በዚያ ቤት አልታየም።

ከወይፈን እስከ ዩኒቨርሲቲ

ሚስተር ቦንድ የተወለዱት በ1940 ዓ. ም. በቴነሲ ግዛት በናሽቪል ከተማ ነው። አያታቸው ጄምስ ቦንድ በኬንታኪ ግዛት በባርነት የተወለዱ ሰው ነበሩ። የልጅ ልጃቸው ደጋግመው እንደ ተረኩት፣ አያታቸው ትምህርት ሲያምራቸው የሚከፍሉት ገንዘብ ስላልነበራቸው አንድ ወይፈን በገመድ ስበው ረጅም መንገድ በእግራቸው ተጉዘው ወደ ቤርያ ኮሌጅ ደረሱ፤ ወይፈኑንም ለትምህርታቸው ክፍያ ሰጡ። በ1892 ዓ. ም. ከዚያው ኮሌጅ ተመረቁ።

አባታቸው ዶክተር ሆራስ ማን ቦንድ ደግሞ የታወቁ የትምህርት ሊቅ ሆነው በ1945 ዓ. ም. በፔንሲልቬንያ የሚገኘው የሊንከን ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው ጥቁር ፕሬዚዳንት ለመሆን በቁ። ይህ ዩኒቨርሲቲ የጋናውን ክዋሜ ንክሩማንና የናይጄሪያውን ናምዲ አዚኪዌን ያስተማረ መሆኑን ያስታውሷል። እንግዲህ ጁሊያን ያደጉት መጽሐፍ በሞላበት፣ የአፍሪካም ጉዳይ በሚነገርበት ቤት ነበር።

በ1957 ዓ. ም. በአትላንታ ሞርሃውስ ኮሌጅ ገቡ። በመጋቢት 1960 ዓ. ም. ከጓደኞቻቸው ጋር በከተማው ማዘጋጃ ቤት ሕንጻ ባለው የነጮች ምግብ ቤት ተቀምጠው ምግብ በመጠየቃቸው ታሰሩ። በሚያዝያ ወር «የተማሪዎች የሰላማዊ ትግል አስተባባሪ ኮሚቴ» የተባለው ማኅበር ሲቋቋም ከመሥራቾቹ አንዱ ሆኑ። በ1961 ዓ. ም. ትምህርታቸውን አቋርጠው የማኅበሩ የዜናና የማስታወቂያ ኃላፊ በመሆን እስከ 1966 ዓ. ም. ሠሩ። ያቋረጡትን ትምህርት ጨርሰው የተመረቁት በ1971 ዓ. ም. ነው፤ ያን ጊዜ እንደራሴ ሆነው ዓመታት አልፈዋል።

የመጀመሪያው ምርጫ

በ1964 ዓ. ም. የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የየግዛቱ የምርጫ ክልሎች በሕዝብ ቁጥር እኩል እንዲሆኑ ወሰነ። እስከዚያ ድረስ ጥቂት ሰው የሚኖርበት ገጠር ብዙ እንደራሴ ሲልክ፣ ሕዝብ የተጨናነቀበት ከተማ ጥቂት ይልክ ነበር። በውሳኔው መሠረት በአትላንታ አዳዲስ ክልሎች ተከፈሉ፤ በ1965 ዓ. ም. ልዩ ምርጫ ተደረገ። ሚስተር ቦንድም ቀረቡ።

የምርጫ ዘመቻቸው ቀላል ነበር። በየቤቱ እየዞሩ በር በማንኳኳት «ከምክር ቤቱ ምን እንዲደረግላችሁ ትፈልጋላችሁ?» እያሉ ጠየቁ። ሰዎቹ የነገሯቸውን ይዘው አቋማቸውን ገለጹ። በማዕከላዊው ሕግ ዝቅተኛው ደመወዝ በሰዓት 1 ዶላር ከ25 ሳንቲም በነበረበት ጊዜ፣ ቢያንስ 2 ዶላር እንዲሆን ጠየቁ። የሠራተኞችን ማኅበራት የሚያዳክመው የግዛቱ ሕግ እንዲሰረዝ፣ የሞት ቅጣትም እንዲቀር ፈለጉ። በሰኔ ወር ከመቶው ድምፅ 82 ያህሉን አግኝተው ተመረጡ።

አንድ የስልክ ጥያቄ

ምክር ቤቱ የሚከፈተው በጥር 10 ቀን 1966 ዓ. ም. ነበር። ከዚያ በፊት በጥር 3 ቀን ሳሚ ያንግ የተባለ፣ በባሕር ኃይል ያገለገለ ጥቁር ተማሪ፣ በአላባማ ግዛት በአንድ የቤንዚን ማደያ የነጮችን መጸዳጃ ቤት ለመጠቀም ስለ ፈለገ በጥይት ተገደለ። ከሦስት ቀን በኋላ ማኅበሩ መግለጫ አወጣ። በአገሩ ነጻነት ያልተሰጠው ጥቁር በቬትናም ስለ ሰዎች ነጻነት እንዲዋጋ መጠየቁን ነቀፈ፤ ለውትድርና መጠራትን እምቢ ለሚሉትም ሐዘኔታውን ገለጸ።

መግለጫው ሲረቀቅ ሚስተር ቦንድ አልነበሩበትም። አንድ የሬዲዮ ጋዜጠኛ ስልክ ደውሎ «በዚህ ይስማማሉን?» ሲል ጠየቃቸው። «እኔ አልጻፍሁትም» ቢሉ ነገሩ በዚያው ሊያልፍ ይችል ነበር። እርሳቸው ግን እስማማለሁ አሉ። የወታደርነት ምዝገባ ካርዳቸውን ስለሚያቃጥሉ ወጣቶችም ሲጠየቁ፣ የራሳቸውን ካርድ እንዳላቃጠሉና ሌላውም እንዲያቃጥል እንዳልመከሩ፣ ነገር ግን ቅጣት እንደሚጠብቀው እያወቀ ለእምነቱ የሚቆምን ሰው ድፍረት እንደሚያደንቁ ገለጹ። ካርዱ በኪሳቸው መሆኑንም በምክር ቤቱ ኮሚቴ ፊት ተናገሩ። አባቶቻችን «ከተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» ያሉት እንዲህ ላለው ጊዜ ነው።

ሰባ አምስት እንደራሴዎች «ይህ ሰው ለሕገ መንግሥቱ ታማኝ ነኝ ብሎ ከልቡ ሊምል አይችልም» የሚል አቤቱታ አቀረቡ። ሚስተር ቦንድ ለመማል ዝግጁ ነኝ ቢሉም፣ ጓደኞቻቸው ሲምሉ እርሳቸው ዳር እንዲቆሙ ተደረገ። በዚያው ዕለት ድምፅ ተሰጠ፤ 184 እንደራሴዎች እንዳይገቡ ሲሉ 12 ብቻ ይግቡ አሉ። የልብ ሐሳብን ለመመርመር ሥልጣን ያለው ሰው ማን እንደ ሆነ ግን አንዳቸውም አላስረዱም።

ወደ ፍርድ ቤት

ሚስተር ቦንድ ክስ አቀረቡ። በዚያው የምርጫ ክልል የሚኖሩት ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግም «እንደራሴዬን ከለከሉኝ» በማለት በክሱ ተባበሩ፤ ወደ ምክር ቤቱም ሰላማዊ ሰልፍ መሩ። በአትላንታ የተሰየሙት ሦስት ዳኞች ጉዳዩን መርምረው ሁለቱ ለምክር ቤቱ ፈረዱ፤ ዳኛ ኤልበርት ተትል ብቻ ተለዩ።

በዚህ መካከል ምክር ቤቱ ወንበሩ ባዶ ነው ብሎ በየካቲት ወር አዲስ ምርጫ አስደረገ። የክልሉ ሕዝብ ማንን መረጠ ቢሉ፣ ያንኑ ጁሊያን ቦንድን። ምክር ቤቱ እንደገና ከለከላቸው። በኅዳር ወር ለሚቀጥለው ዘመን መደበኛ ምርጫ ሲደረግም ሕዝቡ ለሦስተኛ ጊዜ እርሳቸውን መረጠ። ይህ ሁሉ ሲሆን ሰውየው ወንበራቸው ላይ አንድ ቀን እንኳ አልተቀመጡም፤ መራጮቻቸውም ዓመቱን ሙሉ በምክር ቤቱ ውስጥ አፍ አልነበራቸውም።

በታኅሣሥ 5 ቀን 1966 ዓ. ም. የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዘጠኙም ዳኞች በአንድ ድምፅ ለሚስተር ቦንድ ፈረዱ። ፍርዱን የጻፉት የዳኞቹ አለቃ ኧርል ዋረን ናቸው። የውሳኔው ፍሬ ነገር ይህ ነው፤ ምክር ቤት አባላቱ መሐላ እንዲፈጽሙ ሊያዝ ይችላል፤ ነገር ግን የሚበዙት አባላት «መሐላህ ከልብህ አይደለም» እያሉ የጥቂቶቹን ሐሳብ ሊያፍኑበት አይችሉም። እንደራሴ የመናገር ነጻነቱ ከተራው ዜጋ አያንስም። እንዲያውም በሚያከራክር ጉዳይ ላይ አቋሙን በግልጽ መናገር ግዴታው ነው፤ አለዚያ መራጮቹ ማንን እንደሚልኩ በምን ያውቃሉ? ሚስተር ቦንድ በጥር 1967 ዓ. ም. መሐላቸውን ፈጽመው ከወንበራቸው ተቀመጡ።

በምክር ቤቱ ውስጥ 20 ዓመት

እስከ 1975 ዓ. ም. በእንደራሴዎቹ ቤት፣ ከዚያም እስከ 1987 ዓ. ም. በሴኔቱ ሠሩ። መጀመሪያ ላይ ብዙዎቹ ባልደረቦቻቸው ፊታቸውን ያዞሩባቸው ነበር። ሆኖም ለድኾች አነስተኛ ወለድ ያለው የቤት መሥሪያ ብድር እንዲገኝና ሲክል ሴል ለተባለው በሽታ ምርመራ እንዲደረግ ለፉ። ይህ በሽታ የደም ሕዋስን እንደ ማጭድ የሚያጎብጥ ከወላጅ የሚወረስ ደዌ ሲሆን፣ በአሜሪካ ይልቁንም ጥቁሮችን ያጠቃል።

በ1968 ዓ. ም. በቺካጎ በተደረገው የዴሞክራቲክ ፓርቲ ጉባኤ ስማቸው ለምክትል ፕሬዚዳንትነት ተጠርቶ ነበር። ነገር ግን ሕገ መንግሥቱ 35 ዓመት የሞላው ሰው ስለሚጠይቅ፣ የ28 ዓመቱ ቦንድ አመስግነው ስማቸውን አወጡ።

በሴኔቱ ከታገሉላቸው ጉዳዮች ትልቁ የምርጫ ክልል አከፋፈል ነው። ከ1980ው የሕዝብ ቆጠራ በኋላ ግዛቱ የዋሽንግተን እንደራሴዎች የሚመረጡባቸውን ክልሎች ሲያካፍል፣ የአትላንታ ጥቁሮች ድምፅ እንዲበታተን መደረጉን ተቃወሙ። በ1982 ዓ. ም. ፍርድ ቤት የግዛቱን አከፋፈል ውድቅ አደረገው፤ በአትላንታም ጥቁሮች የሚበዙበት ክልል ተሠራ።

በ1986 ዓ. ም. ሚስተር ቦንድ በዚሁ ክልል ለዋሽንግተን ምክር ቤት ተወዳደሩ። የገጠሟቸው ግን የቆዩ የትግል ጓደኛቸው ሚስተር ጆን ሉዊስ ነበሩ። በመጀመሪያው ዙር ቦንድ ሲመሩ፣ በሁለተኛው ሉዊስ አሸነፉ። ሚስተር ቦንድ በደከሙበት ክልል ሌላ ሰው ገባ። ይህ ቢያሳዝናቸውም፣ የታገሉለት ሕግ ሕዝቡ የፈለገውን እንዲመርጥ እንጂ እርሳቸውን ብቻ እንዲመርጥ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ በዩኒቨርሲቲ አስተማሩ፤ ከ1998 እስከ 2010 ዓ. ም. የታወቀው የጥቁሮች መብት አስከባሪ ማኅበር የኤን. ኤ. ኤ. ሲ. ፒ. ሊቀ መንበር ሆኑ። በነሐሴ 2015 ዓ. ም. በ75 ዓመታቸው ዐረፉ።

ዛሬ በአትላንታ በዚያ ባለ ወርቅ ጉልላት ሕንጻ ግቢ፣ በ1868 ስለ ተባረሩት ጥቁር አባላት መታሰቢያ የሚሆን በ1978 ዓ. ም. የተመረቀ ሐውልት ቆሟል። የሚስተር ቦንድ መታሰቢያ ግን ሐውልት ሳይሆን አንድ የሕግ መሠረት ነው። ከእንግዲህ በአሜሪካ ማንኛውም የግዛት ምክር ቤት፣ ነጭም ይሁን ጥቁር፣ የግራም ይሁን የቀኝ፣ የተመረጠን ሰው ስለ ሐሳቡ ከደጅ ልመልስ ቢል የቦንድ ፍርድ ይጠቀስበታል። በሐሳባቸው ያልተስማሙ ብዙዎች ነበሩ፤ አለመስማማትም መብታቸው ነበር። ነገር ግን በእንደራሴ ሐሳብ ያልተስማማ መራጭ በሚመጣው ምርጫ ሌላ ይመርጣል። ይህ ሥልጣን የመራጩ ነው፤ አጠገቡ ላለው ወንበር አልተሰጠም።