ለደምና ለአካል ለጋሾች ስለሚደረግ የቻጋስ በሽታ ምርመራ

ደም ወይም የሰውነት አካል መለገስ የሰውን ሕይወት የሚታደግ በጎ ተግባር ነው። ይሁን እንጂ ለጋሹ ራሱ የማያውቀው በሽታ በሰውነቱ ውስጥ ካለ፣ ልገሳው ተቀባዩን ለጉዳት ሊዳርገው ይችላል። ለረጅም ዓመታት ምልክት ሳያሳይ የሚቆየው የቻጋስ በሽታ ለዚህ ዓይነተኛ ማሳያ ነው። ይህ ጽሑፍ ምርመራው ለምን እንደሚደረግ፣ እንዴት እንደሚከናወን እንዲሁም በውጭ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ለጋሾች ሊያውቋቸው የሚገቡ ነጥቦችን ያብራራል።

የቻጋስ በሽታ ምንድን ነው?

በሽታው ትሪፓኖሶማ ክሩዚ በተባለ ጥገኛ ተውሳክ አማካይነት የሚመጣ ነው። ስያሜውንም ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1909 በብራዚል በሽታውን ለይተው ካሳወቁት ሐኪም ከካርሎስ ቻጋስ ነው። ተውሳኩ በአገራችን የቀንድ ከብቶችን ከሚያጠቁት የገንዲ በሽታ ተውሳኮች ጋር አንድ ወገን ቢሆንም መተላለፊያው የተለየ ነው። ገንዲ በዋናነት በቆላ ዝንብ የሚተላለፍ ሲሆን፣ ቻጋስን የሚያስተላልፉት ግን በላቲን አሜሪካ የገጠር ቤቶች ግድግዳና ጣሪያ ስንጥቆች ውስጥ ተደብቀው ሌሊት ደም የሚመጡ ነፍሳት ናቸው። ተውሳኩ በነፍሳቱ ዓይነ ምድር ውስጥ ስለሚገኝ፣ ሰው የተነከሰበትን ቦታ ሲያክ በቁስሉ በኩል ወደ ሰውነቱ ይገባል። በተበከለ ምግብና መጠጥ፣ ከእናት ወደ ጽንስ፣ በደም ልገሳና በንቅለ ተከላም ይተላለፋል። በመጨባበጥ ወይም ማዕድ በመጋራት አይተላለፍም።

ጤነኛ የሚመስል ለጋሽ ለምን ይመረመራል?

በሽታው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ገደማ ቀላል ትኩሳት ሊያስከትል ወይም ጭራሽ ምልክት ላያሳይ ይችላል። ከዚያ በኋላ ተውሳኩ በልብና በምግብ መፍጫ አካላት ጡንቻዎች ውስጥ ተደብቆ ይኖራል። በበሽታው ከተያዙት መካከል እስከ ሲሶ የሚደርሱት ከ10 እስከ 30 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ የልብ ችግር ይገጥማቸዋል። እስከዚያው ድረስ ግን ሙሉ ጤነኛ መስለው ሥራቸውን ያከናውናሉ፤ ደምም ሊለግሱ ይችላሉ። ተውሳኩ በማቀዝቀዣ በተቀመጠ ደም ውስጥ ከሁለት ሳምንት በላይ በሕይወት ሊቆይ ስለሚችል፣ ደሙን ማቀዝቀዝ ብቻውን አደጋውን አያስወግድም።

የደም ለጋሾች ምርመራ እንዴት ይከናወናል?

ምርመራው ሰውነት ተውሳኩን ለመከላከል የሚያመነጫቸው ፀረ እንግዳ አካላት በደም ውስጥ መኖር አለመኖራቸውን ያጣራል። በዩናይትድ ስቴትስ የምርመራ መሣሪያው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2006 ፈቃድ ያገኘ ሲሆን፣ ከ2007 ጀምሮ የደም ባንኮች በሥራ ላይ አውለውታል። በ2010 የወጣው የአገሪቱ መመሪያ እያንዳንዱ ለጋሽ የትውልድ አገሩ የትም ቢሆን አንድ ጊዜ እንዲመረመር ይመክራል። ስፔን በበኩሏ በ2005 ባወጣችው ደንብ መሠረት፣ በሽታው ባለባቸው አገሮች የተወለዱ፣ እናቶቻቸው የዚያ ተወላጅ የሆኑ ወይም በዚያ ደም የተሰጣቸው ሰዎች ከመለገሳቸው በፊት ተመርምረው ነፃ መሆናቸው መረጋገጥ አለበት። ለጋሾች ስለ እናታቸው የትውልድ ቦታ የሚጠየቁት በሽታው ከእናት ወደ ልጅ ስለሚተላለፍ ነው።

የአካል ለጋሾች ምርመራ በምን ይለያል?

አካል የሚቀበሉ ታካሚዎች ሰውነታቸው አዲሱን አካል እንዳይገፋ የበሽታ መከላከል አቅምን የሚያዳክም መድኃኒት ይወስዳሉ። በመሆኑም ተውሳኩ በእነርሱ ላይ የከፋ ጉዳት ያደርሳል። እ.ኤ.አ. በ2001 በዩናይትድ ስቴትስ ከአንድ ለጋሽ አካል የተቀበሉ ሦስት ታካሚዎች በተውሳኩ መያዛቸው የዚህን ምርመራ አስፈላጊነት አጉልቶ አሳይቷል።

ሕይወቱ ካለፈ ለጋሽ የተወሰደ አካል በሰዓታት ውስጥ መተከል ስላለበት የምርመራው ጊዜ እጅግ አጭር ነው። ተውሳኩ ያለበት ለጋሽ ልብ ለንቅለ ተከላ እንዳይውል ይመከራል። ኩላሊትና ጉበት ግን ተቀባዩ ተገንዝቦ ከተስማማና የቅርብ ክትትል ከተደረገለት ጥቅም ላይ ሊውሉ ይችላሉ። ክትትሉም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት በየሳምንቱ የሚደረግ የደም ምርመራን ያካትታል፤ ተውሳኩ ከተገኘ ሕክምናው ወዲያውኑ ይጀመራል።

በኢትዮጵያና በውጭ አገር ላሉ ኢትዮጵያውያን ለጋሾች

በሽታው በሰፊው የሚገኘው በ21 የላቲን አሜሪካ አገሮች ነው። በኢትዮጵያ የሚለገስ ደም በመደበኛነት የሚመረመረው ለኤች አይ ቪ፣ ለሄፓታይተስ ቢ እና ሲ እንዲሁም ለቂጥኝ ነው። በዩናይትድ ስቴትስ ለመጀመሪያ ጊዜ ደም የሚለግስ ኢትዮጵያዊ ግን እንደማንኛውም ለጋሽ የቻጋስ ምርመራ ይደረግለታል። በብራዚልና በመካከለኛው አሜሪካ አቋርጠው የተጓዙ ወይም በዚያ የኖሩ ወገኖች ይህንኑ ለደም ባንኩ በግልጽ ሊናገሩ ይገባል። እውነቱን መናገር በለጋሹ ላይ የሚያስከትለው ነቀፌታ የለም፤ የተቀባዩን ሕይወት ግን ይጠብቃል።

የመጀመሪያው ውጤት ፖዘቲቭ ቢሆንስ?

ደሙ ለታካሚ አይሰጥም፤ ለጋሹም በምስጢር እንዲያውቀው ይደረጋል። ሆኖም የመጀመሪያው ውጤት ብቻውን በሽታው አለ ለማለት አያበቃም፤ በሌላ ዓይነት ምርመራ መረጋገጥ አለበት። በተለይ በሁመራና በመተማ ቆላማ አካባቢዎች የሚታወቀው ካላዛር ይዟቸው የነበሩ ሰዎች ደም የቻጋስ ምርመራን ሊያሳስት ይችላል። ስለዚህ ካላዛር ታሞ የነበረ ለጋሽ ይህንን ለሐኪሙ መንገር ይጠበቅበታል።

በሽታው መኖሩ ከተረጋገጠ ቤንዝኒዳዞል እና ኒፈርቲሞክስ የተባሉ መድኃኒቶች አሉ። ሕክምናው በሽታው እንደያዘ ሲጀመር የመፈወስ ዕድሉ ከፍተኛ ነው። የተያዘችው እናት ከሆነች ልጆቿም መመርመር አለባቸው። በዚህ መልኩ ምርመራው ተቀባዩን ከመጠበቅ አልፎ፣ ለጋሹ ልቡ ሳይጎዳ የሕክምና ክትትል እንዲጀምር ዕድል ይሰጠዋል።